ለሦስተኛው ጠያቂ

ጥቅምት 9

ለእህቴ፣ ለእጄ ልጅ፣

ሰላምታዬ እንደ ደህና የኮት ገበር ከውስጥ ይሙቅሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። የሊቁ እናት ጉልበቷን ያማታል፤ ያውም ደረጃ ስትወጣ ብቻ ነው። የእኔም ዓይን ክር ከመርፌ ማስገባት እያቃተው ነው፤ እሱን ሱቁ ውስጥ ስፌት የሚማረው ልጅ ያስገባልኛል። ያለዚያ ደህና ነኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ለትንሿ ልጄ ሰው ተገኝቶላታል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ ነው። ቤት አለው፣ ጥርሱም ሙሉ ነው። ብቻ ወገኖቹ ቀበጦች ናቸው፤ እህል ሲነፉ ኖረው ሰውንም መንፋት ለምደዋል። ባለፈው ሱቄ መጥተው ስለ ዘራችን አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ማን በምን ሞተ፣ ማን ምን አመመው፣ ማን የት ነው። ወንድ ልጄ ውጭ አገር መሐንዲስ ነው አልኳቸው። ፊታቸው ሲበራ ብታዪ!

እና ልጄ ሊቁ ሙሉ ልብስ ለብሶ ፈገግ ብሎ የተነሣውን አንድ ፎቶ ላኪልኝ። ሱቁ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። ደግሞም መደወል ለምን እንደተወ ጠይቂልኝ፤ ከሰኔ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ለእናቱ ሥራ በዝቶበት ነው ብያታለሁ።

መልስሽን በሱቁ አድራሻ ላኪው። ስልኩ ያለው ሳሎን ነው፤ ሲጮህ ቀድማ የምትደርሰው እናቱ ናት፣ ጆሮዋን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ደብዳቤ ቢሆን ግን እጇ ቢገባ እንኳ፣ ማንበብ ስለማትችል፣ ይዛው የምትመጣው ወደ እኔው ነው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 3

ለጋሼ፣ ለአባቴ ምትክ፣

እንደምን ከርመዋል? እኔ ደህና ነኝ። ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ከምድር ቤት ወደ ላይ አዛውረውኛል፤ አሁን አንሶላ ተኳሽ ነኝ፣ መስኮትም አለኝ። ፎቶው ከዚህ ጋር አለ። የተነሣው የመጣ ሰሞን ነው፤ ከረባቱ የሆቴሉ ነው፣ መልሼዋለሁ።

መልሴ የዘገየው መጻፍ ፈርቼ ነው። ጋሼ፣ ሊቁ አሞታል። ሆዱን ወይም ራሱን አይደለም።

መሐንዲስ ያሉት ልጅ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያሽግ እንደነበር እኔም እርስዎም እናውቃለን፤ እሱን ተዉት። ከዚያም ቢሆን ከወጣ ቆይቷል። ግድግዳው ውስጥ ሰዎች ስሜን ያነሣሉ ይላል። እኔ የሠራሁትን አይበላም፤ የታሸገ ቆርቆሮ ራሱ ከፍቶ ቆሞ ነው የሚበላው። ቤት ያለውን የኤሌክትሪክ ገመድ ሁሉ ይነቅላል፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ሁሉ ተበላሸ። ባለፈው ከሥራ ስገባ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ከነጫማው ተቀምጦ አገኘሁት። ውኃ የለም፣ ደረቅ ገንዳ ነው። «አክስቴ፣ እዚህ ስሆን ትንሽ ይቀንሱልኛል» አለኝ። አልቅሼ አላባራሁም።

የሰፈራችን ሐኪም ዓይቶት ወደ አእምሮ ጤና ክሊኒክ ጽፎልናል። ቅርብ ነው፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ። ወረፋው ግን ለጉድ ነው፤ ቀጠሯችን የካቲት ላይ ነው። መግቢያው ላይ በስንት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ተደርድሯል፤ በእኛ የተጻፈ የለም። ስጠይቃቸው «አስተርጓሚ እናመጣለን» አሉኝ። ማን መሰለችዎት? ያቺ የአገራችን ልጅ ጸጉር ሠሪዋ! በትርፍ ሰዓቷ ለሆስፒታል ታስተረጉማለች።

እርሱ የእነሱን ቋንቋ ለካርቶን የሚበቃውን ያህል ነው የሚያውቀው። ይህን ነገር በምን ቃል ይንገራቸው? ምን ላድርግ፣ ጋሼ? ይምከሩኝ።

እህትዎ


ታኅሣሥ 28

ለእህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ ለማለት እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።

ጻፍሽው? በእጅሽ ጻፍሽው? ስሚኝ፤ በዘራችን እብድ የለም። አጎታችንስ እንዳትዪኝ። እርሱ ከዛፍ ጋር ሲያወራ የነበረው ሰክሮ ነው፤ ስካር ደግሞ አመል እንጂ በሽታ አይደለም። ሊቁ ደክሞታል። ካርቶን ሲያሽግ ያደረ ሰው ግድግዳ ቢያወራው ምን ይገርማል! አንቺ ደግሞ ያገሩን ወግ ይዘሽ ከክሊኒክ ክሊኒክ ታንከራትቺዋለሽ። ነጩ ወረቀታቸው ላይ አንዴ ከተጻፈ እኮ በሳሙና አይለቅም።

ጸጉር ሠሪ! ወይ አለማፈር! የዚያ አገር ወገኖቻችን ራስ ሁሉ የሚያልፈው በእሷ እጅ ነው። ዛሬ የሰማችውን ነገ ከመቀሷ ጋር ስታንቀጫቅጨው ትውላለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አፋፉ ደግሞ እኛው ወፍጮ ቤት ደጃፍ ነው።

ስለዚህ ሴትዮዋን አታስገቢያት። የግድ መሄድ ካለበት አስተርጓሚው አንቺ ነሽ። እንቅልፍ አጥቷል፣ አገሩ ናፍቆታል በይ፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል እንዳታልፍሽ። ትንሿ እስክትዳር ነው። ከዳርኳት በኋላ እንደፈለጋችሁ እበዱ።

ከመንገደኛ ጋር ሙሉ ልብስ ልኬለታለሁ። ልኩን በቃሌ ነው የቆረጥኩት። ክሊኒክ ሲሄድ ይልበሰው፤ በደንብ የተሰፋ ሙሉ ልብስ የለበሰን ሰው እብድ ነው የሚል ሐኪም አልተፈጠረም።

አንቺን ከጉልበቴ ሥር አስቀምጬ፣ ቁራጭ ጨርቅ እያጫወትኩ ነው ያሳደግሁሽ። አታሳፍሪኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 14

ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ያሉትን አድርጌአለሁ።

ሙሉ ልብሱን አለበስኩት። ትከሻው ልክክ ብሎለታል፤ ወገቡ ግን ከስቶ ስለሰፋው በስፒል ያዝኩለት። መጠበቂያው ክፍል ብርቱካንማ የፕላስቲክ ወንበሮች አሉት፣ ጥግ ላይ ዓሣ የሌለው የዓሣ ገንዳ። የእኛን መልክ የያዘ ሰው ከእኛ በቀር አልነበረም። ጸጉር ሠሪዋ ቀድማን መጥታ፣ መታወቂያዋን ደረቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ልትስመኝ ብድግ አለች።

«አታስፈልጊንም፣ ወደ ሥራሽ ሂጂ» አልኳት።

«እህቴ፣ እዚህ የሰማሁትን እዚሁ ነው የምተወው። መሐላ አለብኝ።»

«መሐላሽን ለጸጉር ቀለምሽ አድርጊው፤ እሱም ይለቃል» አልኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። ሊቁ «እሷ ትግባ» አለ። ክንዱን ቆነጠጥኩት። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ነርሷ ደግ ሴት ናት። ገና ሳንቀመጥ «እንዴት ነህ?» አለችው፤ ይህቺን እሱም ይሰማል። «ደህና ነኝ» አለ። ምን ይበል ታዲያ? እርስዎ አይደሉም እንዴ ሱቁ ውስጥ ሁላችንንም ያስተማሩን? ለመጀመሪያው ጠያቂ ደህና በል፣ ለሁለተኛው ተመስገን በል፣ ሦስተኛ የጠየቀህ ወዳጅህ ነው፣ ለእርሱ ንገረው ይሉ ነበር። ሴትዮዋ የጠየቀችው አንዴ ነው። አንዴ ጠየቀች፣ ጻፈች፣ አለፈች። ድገሚው ልላት እችል ነበር። አላልኳትም።

ቀጥላ «ድምፅ ትሰማለህ ወይ በይው» አለችኝ። አልኩት። ልጁ እኔን ሳይሆን እሷን ዓይን ዓይኗን እያየ፣ በእኛው ቋንቋ እንዲህ አለ፦ «ሦስት ናቸው። ሁለቱን አላውቃቸውም። አንደኛው የአባቴ ድምፅ ነው። አንተ የለህም ይለኛል። ቀኑን ሙሉ፣ የለህም፣ የለህም።»

እኔም «የጎረቤት ሬዲዮ ይረብሸኛል ይላል» አልኳት።

ሬዲዮ የምትለዋን ቃል ለይቶ ሰማት። ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ በኋላ ለተጠየቀው ሁሉ «ደህና ነኝ» ብቻ ሆነ መልሱ። ነርሷ ልብሱን አድንቃለች፣ ይንገሩልኝ ብላለች። ስፖርት ይሥራ፣ ከሰው ይቀላቀል፣ እኛ አናስፈልገውም ብላ ካርዱን ዘጋችው።

ቤት ስንመለስ ቀጥ ብሎ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄደ። ያው ገንዳው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ልብሱን አላወለቀም።

እህትዎ


መጋቢት 2

ለእህቴ፣ ለኩራቴ፣

እልል በይ! ጤናሽ ይብዛ፣ እጅሽ ይባረክ፣ አፍሽማ ማር ይፍሰስበት! ሬዲዮ! ሳነበው ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ መቀሱ ከእጄ ወደቀ። አየሽ፣ የተማሩት ሰዎች ራሳቸው አናስፈልገውም አሉ። እኔ ምን አልኩሽ? የልብሱ ነገርም እንደገመትኩት ሆነ።

ፎቶው ተሰቅሏል። ወፍጮ ቤቶቹ መጥተው ቆመው አዩት። የልጁ እናት «ዓይኑ እንዴት ያበራል» አለች። ሠርጉ ግንቦት መጨረሻ ይሁን ተባብለናል። የሙሽራውን ልብስ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ እና እባክሽ ከዚያ ደህና የሐር ገበር፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ገዝተሽ ላኪልኝ። እዚህ ያለው ላብ ሲነካው ይለቃል።

እናቱ «ልጄ ለምን አይደውልም» እያለች ትነዘንዘኛለች። የሥራ እድገት ፈተና ላይ ነው ብያለሁ። አንቺም እንደዚያ በይ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 5

ጋሼ፣

ሊቁን ፖሊስ ወሰደው።

እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሙሉ ልብሱን ለብሶ አውቶቡስ መናኸሪያው መሐል ቆሞ «አለሁ! አለሁ!» እያለ ሲጮህ ነበር አሉ። ማንንም አልነካም። «አለሁ» ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በአጠገቡ አልነበረም። ፖሊሶቹ ተኛ ሲሉት አልገባውም፤ ሲይዙት ታገለ። ሁለቱ ጀርባው ላይ ተንበረከኩ። እጅጌው ከትከሻው ተገንጥሏል። ያገራችን ሰው ነው በስልኩ የቀረጸው፤ ከመቅረጽ «ታሟል፣ ተዉት» ቢላቸው ምን ነበር? ቪዲዮው እኔ ዘንድ የደረሰው በማግስቱ በሥራ ባልደረባዬ እጅ ነው።

አሁን ሆስፒታል ነው፣ በሩ የሚቆለፍ ክፍል። ጋሼ፣ ክሊኒኩ ውስጥ መልካችን የለም ብዬ ጽፌልዎት አልነበር? እዚህ ሞልቷል። ኮሪደሩን ሳልፍ የማየው ሁሉ ከመጤው ሰፈር ነው። በደጁ ያልገባው ሁሉ በፖሊስ መኪና ገብቷል።

ጸጉር ሠሪዋን አመጡለት። ስታስተረጉምለት ድምፅዋ እስኪሻክር አወራት አሉ። ለእሷ ሁሉንም ተናገረ። ሐኪሞቹ ካርዱን አውጥተው «የጎረቤት ሬዲዮ ማለት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከዛሬ ጀምሮ ዘመድ አያስተረጉምለትም አሉኝ። ልግባ ስል ደግሞ፣ እሱ ራሱ አክስቴ እንዳትገባ ብሏል አሉኝ።

በር ላይ ያለችው ጠባቂ የተቀዳደደውን ልብስ በላስቲክ አድርጋ ሰጠችኝ። ገበሩን ልልክልዎት አልቻልኩም።

እህትዎ


ግንቦት 20

ለእህቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤዬ የዘገየው ሐዘን ላይ ስለነበርን ነው።

ተቀምጠሽ አንብቢው። ያ ቪዲዮ ወፍጮ ቤት ደረሰ። የሙሽራው አባትና አጎት ሱቄ መጡ። ልብስ ሊለኩ መስሎኝ ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ። ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አደረጉና «ይሄ ከጀርባህ የተሰቀለው ልጅ አይደለም ወይ?» አሉኝ። የልብሱ ስፌት የእኔ መሆኑን በምን ልካደው? የኮሌታውን አቆራረጥ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

«የእኔ ልጅ ነበር» አልኳቸው።

ነበር ያልኩት ሳላስበው ነው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን መንገዱ ታየኝ። ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ነበረበት፣ ያያችሁት የመጨረሻ ቀኑ ነው፣ መርዶውን ትናንት ሰማሁ፣ ለእናቱ እንዴት ልንገራት እያልኩ ነው አልኩ። ዕጢ ማንንም ይይዛል፤ ዘር አይደለም፣ አይተላለፍም። ሰዎቹ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። የልጁ አባት አቅፎኝ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ የእውነቴን ነው ያለቀስኩት።

በማግስቱ ድንኳን ተተከለ። እዚያው ቀበሩት ብያለሁ። የላክሽው ፎቶ በትልቁ ታትሞ፣ ጥቁር ጥብጣብ ተደርጎበት መሐል ቆመ። እናቱ የሆነችውን አልጽፍልሽም። ጥቁር ልብሷን እኔ ነኝ የሰፋሁላት፤ ስለካት ትከሻዋ በአንድ ጊዜ ጠቦ አገኘሁት።

ሠርጉ አልፈረሰም። ለጥቂት ሳምንት ተገፋ እንጂ። ትንሿን እንዲያውም አዘኑላት፣ የሐዘንተኛ ልጅ ብለው ወደዷት።

ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። ከሁለት ልጅ አንዱን ማትረፍ ነበረብኝ። ይህን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን። ሊቁ ወደዚህ አይደውል፣ አይጻፍ። ላንቺም ሐዘን ሊደርሱሽ የሚመጡ ወገኖች ይኖራሉ፤ ተቀበያቸው።

ወንድምሽ


ሐምሌ 11

ይድረስ ለጋሼ፣

ምነው! ምነው ጋሼ! ወረቀቱን ስንቴ አጣጥፌ ስንቴ እንደዘረጋሁት! በቁሙ? ልጅዎን በቁሙ? ሰው ለበሬው እንኳ እንዲህ አያደርግም። ሦስት ሴቶች ጥቁር ነጠላ አድርገው የቤቴን በር አንኳኩተው ነበር፤ የለሁም ብዬ መብራት አጥፍቼ ተቀመጥኩ።

አለ። ልጅዎ አለ። ከሆስፒታል ከወጣ ሰነበተ። ክሊኒኩ አሁን ካርዱን እንደገና ከፍቶለታል፤ ነርሷ በየሳምንቱ ከጸጉር ሠሪዋ ጋር ቤት ድረስ ትመጣለታለች። መድኃኒቱ አወፍሮታል፣ እጁም ይንቀጠቀጣል፤ ግን እኔ የሠራሁትን ይበላል። ባለፈው ማቀዝቀዣውን ራሱ ሰካው።

ጸጉር ሠሪዋ ለነርሷ ምን አስተማረቻት መሰለዎት? «የእኛን ሰው አንዴ ጠይቀሽ አትመኚው፣ ሦስቴ ጠይቂው» አለቻት። ሴትዮዋም ሦስቴ ትጠይቀዋለች። እንዴት ነህ፣ ደህና። እንዴት ነህ፣ ተመስገን። እንዴት ነህ ስትለው ሦስተኛ፣ ያን ጊዜ ይናገራል። እኔም እንድቀመጥ ፈቅዶልኛል። ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፣ አፌን አልከፍትም። ጸጉር ሠሪዋ ሁሉንም ታውቃለች፤ ከአገራችን ሰው አንድም ከእሷ የሰማ የለም። እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

የአባቱ ድምፅ አሁንም አልለቀቀውም። ነርሷ «እሱ አባትህ አይደለም፤ በሽታው ነው የአባትህን ድምፅ የሚዋሰው። አባትህ እንደዚያ አይልህም» እያለች ታስረዳዋለች። ማመን ጀምሯል።

አሁን እናቴን ላናግራት ይላል። ስልኩን በቃሉ ያውቀዋል። እኔ የቴሌ ነገር ተበላሽቷል እያልኩ አዘገየዋለሁ፤ እስከ መቼ? ድንኳኑን የተከሉት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎ ይንቀሉት። ስህተት ነበር፣ ሌላ ሰው ነበር የሞተው ይበሉ። ሠርጉ ካለፈ ምን ይፈራሉ? እናቱን አስቀድመው ይንገሯት። ለመንኩዎት፣ በእናታችን አጥንት።

እህትዎ


ነሐሴ 16

ለእህቴ፣

እንዴት ነሽ? እንዴት ነሽ? እንዴት ነሽ? ይኸው ሦስቴ ጠየቅሁሽ፤ ወዳጅሽ መሆኔን እወቂ።

ሠርጉ አማረ። ትንሿ ገና ከአሁኑ አጥወልውሏታል፤ አያት ልሆን ነው። ታዲያ አሁን ምን ብዬ ልንገራቸው? ዋሽቼ ነው ልበል? ልጅቷ ከነፅንሷ ትመለስልኝ?

አልሰማም ብለሽ ለቀቅሽው አይደል? ደወለ። ስልኩን ያነሣችው እናቱ ናት። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» አላት። ጩኸቷን ከጓሮ ሰምቼ ስሮጥ ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘኋት። ስልኩ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ጎረቤት በር ላይ ተሰብስቧል። ሁሉም ያየኛል። አነሣሁና «ተሳስተዋል፤ እኛ ወንድ ልጅ የለንም፤ የነበረን ሞቷል» ብዬ ዘጋሁት። ምን ላድርግ? በሰው ፊት ነበር።

እሷ ግን ተነሥታ «ልጄ ነው፣ ድምፁን ሰምቻለሁ፣ ልጄ አለ» አለች። ይኸው እስከ ዛሬ ይህንኑ ነው የምትለው። ለመጣ ለሄደው ትናገራለች። ጥቁሩን አውልቃ ጣለችው። ስልኩን አስነቅዬ ሸጥኩት፤ እርሷ ግን ባዶው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሐዘን አእምሮዋን ነካው ይላሉ ጎረቤቶቹ። እኔም ምን ልበል፣ አዎ እላለሁ። የሞተ ሰው ድምፅ ትሰማለች እላለሁ። ወፍጮ ቤቶቹ ደግሞ ገና ከአሁኑ ትንሿን ሰረቅ አድርገው ማየት ጀምረዋል።

ሐኪም ቤት አልወስዳትም፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው በሳሙናም አይለቅም። ስለዚህ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ሊቁ ከሚውጠው ኪኒን ከፍለሽ በመንገደኛ ላኪልኝ። እሱን ዝም ካሰኘው እሷንም ዝም ያሰኛታል። ሰው ሳያይ ምግቧ ውስጥ አደርገዋለሁ።

አደራ፤ ቶሎ ይሁን።

ወንድምሽ


ጥቅምት 2

ለልብስ ሰፊው፣

አንቱታው ቀርቷል። ጋሼም የለም።

ኪኒኑ አይላክም። ሚስትህ አላበደችም። በዚያ ቤት ጤነኛ ጆሮ ያላት እሷ ብቻ ናት። ልጻፍላት ብዬ ብዕር አንሥቼ ነበር፤ የሚያነብላት አንተ መሆንህ ትዝ ሲለኝ አስቀመጥኩት። ምን ብለህ እንደምታነብላት አውቃለሁ። እኔም እኮ ክሊኒክ ውስጥ ሬዲዮ ያልኩት ካንተው ተምሬ ነው። ትንሿም ካንተ ቤት ያየችውን ይዛ ሄዳለች፤ የሚወለደው ልጅ አንድ ቀን ቢታመም ምን እንደምታደርግ አስብ።

የእኛን ወገን ልንገርህ። ቴሌ ተበላሽቷል ማለቴን ስላላመነኝ ሄዶ ከመንገድ ነው የደወለው። ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ቀጥ ብሎ ገንዳው ውስጥ ገባ። «አክስቴ፣ ነርሷ ዋሸችኝ» አለኝ። «ድምፁ የራሱ የአባቴ ነው። አሁን በስልክ ነገረኝ።» እኔ ምን ልበለው? በሽታው ነው ልበለው? መድኃኒቱን ተወ። ያ ሁሉ ወር የተለፋበት ሁሉ ባንድ ቃልህ ፈረሰ። ገመዶቹ ሁሉ እንደገና ተነቀሉ።

ሁለት ሳምንት ነርሷ ስትመጣ አልወጣም አለ። በሦስተኛው፣ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ሦስታችንም ተቀመጥን፤ ነርሷ፣ ጸጉር ሠሪዋ፣ እኔ በሩ ጋ። እርሱ ገንዳው ውስጥ ጉልበቱን አቅፏል።

«እንዴት ነህ?» አለችው።

«ደህና ነኝ።»

«እንዴት ነህ?»

«ተመስገን።»

ሴትዮዋ አልቸኮለችም። ጠበቀች። «እንዴት ነህ?»

ሊቁ ቀና አለና «አባቴ ሞቶብኛል» አላት።

ጸጉር ሠሪዋ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች። እውነት ነው ወይ ማለቷ ነው። ያኔ የካቲት ላይ ያባረርኳት ሴት አሁን አፌን ትጠብቃለች። «እንዳለው አስተርጉሚለት» አልኳት። አስተረጎመችለት። ነርሷ እጇን ገንዳው ጠርዝ ላይ አድርጋ አዘነችለት፣ መቼ ብላ ጠየቀችው፣ እንዲያለቅስም ተወችው። ብዙ አለቀሰ። ሲጨርስ ኪኒኑን ከእጇ ተቀብሎ ዋጠ።

ያ ድምፅ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል ይላል። «የሞተ ሰው ነው፣ ምን ያደርገኛል» ይላል።

የተቀዳደደውን ሙሉ ልብስ በዚህ መንገደኛ መልሼልሃለሁ። የቀድሞ ፎቶህ አንድ እኔ ዘንድ ነበር፤ ሜትርህን አንገትህ ላይ አድርገህ የተነሣኸው። ሊቁ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አቁሞታል። እነዚያ ሦስት ሴቶች ትናንት ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ በሩን ከፍቼ ፎቶህ ፊት አስቀመጥኳቸው። ጸጉር ሠሪዋም መጥታ ጎኔ ተቀመጠች፣ እጄን ይዛም «ነፍስ ይማር» አለችኝ።

ይማር አልኳት።